ሳክቪል አንድም ሰርጓጅ ሳታሰምጥ ምን ሠራች?

ጥያቄው፦ «ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ ሳክቪል የምትባል ለጉብኝት የቆመች አሮጌ የጦር መርከብ አየሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መርከቦችን ከጀርመን ሰርጓጆች ትጠብቅ ነበር ይባላል፤ ግን አንድም ሰርጓጅ እንዳላሰመጠች አነበብኩ። ታዲያ የአገሪቱ ባሕር ኃይል መታሰቢያ ለመሆን ምን አበቃት? እንዲህ ያለች ትንሽ መርከብስ ሰርጓጅን የምትገጥመው በምንድን ነው?»

ጠያቂያችን፣ መልሱ ያለው በሰርጓጇ ባትሪ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ልጀምር። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ኖት ስል በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ማለቴ ነው።

የዚያን ዘመን የጀርመን ዩ-ቦት «ሰርጓጅ» ማለት ትንሽ ያሳስታል። በብዛት የተሠራችው ሰባት-ሲ የምትባለው ዓይነት አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትገፋው ከውሃ በላይ፣ በናፍጣ ሞተር እየሄደች ነው። የምትጠልቀው ለመደበቅና ቀን ላይ ለማጥቃት ነበር። ከውሃ በላይ 17.7 ኖት ትሮጣለች። ከጠለቀች ግን የምትሄደው በባትሪ ነው፤ ቢበዛ 7.6 ኖት፣ ያንንም ለአጭር ጊዜ። ቆጥባ በ4 ኖት ብትሄድ 80 የባሕር ማይል ያህል ተጉዛ ባትሪዋ ያልቅና ለመሙላት መውጣት ግድ ይሆንባታል። ዝግተኛው የጭነት አጀብ፣ ማለትም በጦር መርከቦች እየተጠበቁ አብረው የሚሄዱ የጭነት መርከቦች ስብስብ፣ ደግሞ 7 ኖት ይሄዳል። ስለዚህ ለአምስት ስድስት ሰዓት አንገቷን እንዳታወጣ የተደረገች ዩ-ቦት አጀቡ ጥሏት ይሄዳል፤ ሌሊቱ ካለፈ ደግሞ ዳግም ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ መሮጥ አለባት። ይህን ያደረገች አጃቢ መዝገቧ ላይ ያሰመጠችው ቁጥር ዜሮ ነው። እነዚያ ሰዓታት ያተረፏቸው የነዳጅና የስንዴ መርከቦች ግን ሊቨርፑል ገብተዋል። ሳክቪል በዋናነት የሠራችው ይህንን ነው።

አሁን ወደ መርከቧ። ሳክቪል ፍላወር ከሚባለው ክፍል የሆነች ኮርቬት፣ ማለትም ትንሽ አጃቢ የጦር መርከብ ናት፤ የጎን ቁጥሯ ኬ181። በኒው ብረንስዊክ ግዛት ሴንት ጆን ከተማ ሥራዋ በሜይ 1940 ተጀመረ፣ በሜይ 1941 ውሃ ላይ ወረደች፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1941 አገልግሎት ጀመረች። ስሟ እዚያው ግዛት ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ የተወሰደ ነው። የዚህ ክፍል ንድፍ የጦር መርከብ ንድፍ አልነበረም። ስሚዝስ ዶክ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት መሐንዲስ ዊልያም ሪድ ሳዘርን ፕራይድ ከምትባል የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ወስዶ ነው ያሳደገው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የጦር መርከብ መሥራት የሚችሉ ጥቂት የመርከብ ግቢዎች ሥራ ሞልቶባቸው ነበር፤ ይህችን ግን የንግድ መርከብ የሚሠራ ማንኛውም ግቢ ይሠራታል፣ በሴንት ሎውረንስ ወንዝና በታላላቆቹ ሐይቆች ዳር ያሉት ሳይቀሩ።

ርዝመቷ 62.5 ሜትር፣ ወርዷ 10 ሜትር፣ ክብደቷ 950 ቶን ያህል ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር የእንፋሎት ፒስተን ሞተር ነው። እንፋሎቱ በሦስት ደረጃ፣ ከጠባቡ ሲሊንደር ወደ ሰፊዎቹ እየተላለፈ ይሠራል፤ ጉልበቱ 2,750 የፈረስ ጉልበት። እንፋሎቱን የሚሰጡት ሁለት ቦይለሮች ናቸው። ፕሮፔለሯ አንድ ብቻ ነው። ተርባይን ያላት ዲስትሮየር፣ ከኮርቬት የምትተልቅ የጦር መርከብ፣ ከዚህ በእጥፍ ትፈጥናለች፤ ነገር ግን ተርባይን የሚሠራ ፋብሪካም የሚያንቀሳቅስ ሰውም በበቂ አልነበረም። የፒስተኑን ሞተር ከንግድ መርከብ የመጣ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል።

የዚህ ምርጫ ዋጋ ፍጥነቷ ላይ ታየ። የኮርቬት ከፍተኛ ፍጥነት 16 ኖት ነው፤ ዩ-ቦቷ ከውሃ በላይ 17.7። ልብ ይበሉ፣ አሳዳጇ ከተሳዳጇ ትዘገያለች። ከውሃ በላይ የምትሸሽ ዩ-ቦትን ኮርቬት አትደርስባትም። ማድረግ የምትችለው እየተኮሰች ማስጠለቅ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ሚዛኑ ይገለበጣል። በምትኩ ኮርቬቷ በጠባብ ክብ መዞር ትችላለች፤ በዚህ ዲስትሮየርን ታስንቃለች። ውሃ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሸሽ ነገርን ለመከተል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የአጀቡን ቅርጽ ካላየን የሥራው ክብደት አይገባም። በአገራችን መንገድ በኮንቮይ የተጓዘ ሰው ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የዘገየው መኪና መሆኑን ያውቃል፤ ባሕር ላይም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እዚህ መርከቦቹ በአንድ ረድፍ አይሄዱም። ወደ 40 የሚጠጉ መርከቦች በዘጠኝና በአሥር ዓምድ ይሰለፋሉ፤ በዓምዶቹ መካከል 900 ሜትር ያህል ይተዋል። ፊቱ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ ኋላ ግን ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ አራት ማዕዘን ይሆናል። ሰፋ አድርጎ መሄዱ ሆን ተብሎ ነው፤ ለቶርፔዶ የሚጋለጠው ጎኑ አጭር እንዲሆን። አጃቢዎቹ ከዚህ አራት ማዕዘን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ርቀው ቢከብቡት ዙሪያው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰባት አጃቢ ቢኖር ለአንዷ ሰባት ኪሎ ሜትር ይደርሳታል። የውሃ ውስጥ ማዳመጫዋ ደግሞ ደህና በሚባል ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚደርሰው። ክፍተቱን እርስዎው ይቁጠሩት።

ማዳመጫው አስዲክ ይባላል፤ ዛሬ ሶናር የምንለው ነው። ከመርከቧ ሆድ በታች ያለ መሣሪያ አጭር ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ አንድ ነገር መትቶ ሲመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን፣ መሣሪያው የዞረበት አቅጣጫ ደግሞ ያለበትን ይናገራል። ጥሩ ኦፕሬተር ከዚህም በላይ ይሰማል። የተመለሰው ድምፅ ከተላከው ከቀጠነ ነገሩ ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ ከወፈረ እየሸሸ ነው። ካልተለወጠ ምናልባት ዓሣ ነው፣ ወይም ሌላ መርከብ ያናወጠው ውሃ። በኒውፋውንድላንድ አካባቢ ቀዝቃዛው የላብራዶር ጅረትና ሞቃቱ የገልፍ ጅረት ስለሚገናኙ ውሃው በሙቀት ይደራረባል፤ ድምፁ በድርብርቡ ላይ ታጥፎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እዚያ አስዲክ ባዶ ውሃ ነው ያለው ቦታ ዩ-ቦት ሊኖር ይችላል።

መሣሪያዋ ሁለተኛ ጥያቄዎ ነበር፤ ዋናው የጥልቀት ቦምብ ነው። ማርክ 7 የሚባለው በርሜል መሰል ነገር 190 ኪሎ ይመዝናል፤ 130 ኪሎው ፈንጂ ነው። የሚፈነዳው በውሃ ግፊት ነው። መርከበኛው ጫፉ ላይ ያለውን መዘውር በቁልፍ አዙሮ 15፣ 30፣ 45 ሜትር እያለ የሚፈነዳበትን ጥልቀት ይሞላል። አንድ ዙር ጥቃት ሲታዘዝ ሦስቱ ከኋላ ካለው ሐዲድ እየተንከባለሉ ይወድቃሉ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ካሉት ወርዋሪዎች ወደ ጎን ይወረወራሉ። አምስቱ የመስቀል ቅርጽ ሠርተው ይሰምጣሉ። ከዚያ በሚናጥና በረዶ በያዘ ወለል ላይ፣ በሌሊት፣ መብራት ሳይበራ፣ ቀጣዩን 190 ኪሎ ወርዋሪው ላይ መጫን ነው። ጣቱን ያጣ ብዙ ነው።

ችግሩ በስሌት ቢታይ ይሻላል። ሰርጓጇ 90 ሜትር ጥልቀት ላይ ናት እንበል። አስዲኩ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ መርከቧ ስትቀርብ 180 ሜትር አካባቢ ላይ ጨረሩ ከሰርጓጇ በላይ ያልፍና ድምፁ ይጠፋል። ኮርቬቷ በ14 ኖት ስትሄድ በሰከንድ 7 ሜትር ስለምትጓዝ ያንን 180 ሜትር ለማለፍ 25 ሰከንድ ይፈጅባታል። ቦምቡ በሰከንድ 3 ሜትር ነው የሚሰምጠው፤ 90 ሜትር ለመድረስ 30 ሰከንድ። በድምሩ 55 ሰከንድ ዓይን ተጨፍኖ ነው። ዩ-ቦቷ ከላይ የፕሮፔለሩን ድምፅ ሰምታ በ4 ኖት ብትታጠፍ በዚያ ጊዜ ከ110 ሜትር በላይ ትርቃለች። ቦምቡ ወፍራሙን ቅርፊት ለመሰንጠቅ ግን ሰባት ሜትር ያህል ቅርብ መፈንዳት አለበት። ከዚያ ራቅ ካለ መብራት ይሰብራል፣ ቧንቧ ያላላል፣ ሰው ያስጨንቃል እንጂ አያሰምጥም። አንዲት ኮርቬት ብቻዋን ዩ-ቦት የማሰመጥ ዕድሏ ለምን ጠባብ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

መፍትሔው ሁለት መርከብ ነው፦ አንዷ ራቅ ብላ ድምፁን ሳትለቅ ትይዛለች፣ ሌላዋ በእሷ ምሪት ከላይ አልፋ ትጥላለች። ነገር ግን ሁለት አጃቢ ለአንድ ዩ-ቦት ሲመደብ ከዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ክፍት ይሆናል። የአጀቡ አዛዥ የዕለት ተዕለት ራስ ምታት ይህ ነበር፤ በእኔ ግምት ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ የጦርነቱን ውጤት የወሰነው ይህ የመርከብ ቁጥር ማነስ ነው።

ሌላም አደጋ አለ፣ ብዙ ጊዜ የማይነገር። ጥልቀት ተሞልቶለት የተቀመጠ ቦምብ ያላት መርከብ ራሷ ብትመታና ብትሰምጥ፣ ቦምቦቹ ልክ የተሞሉበት ጥልቀት ሲደርሱ ይፈነዳሉ፤ የሚገድሉት ውሃ ላይ የሚዋኙትን የራሷን ሰዎች ነው። ስለዚህ ከጥቃት በኋላ ሁሉንም ወደ «አይፈነዳም» መመለስ የግድ ነበር። ቶርፔዶ ሲመታ ግን ያንን ለማድረግ ጊዜ አይገኝም።

አሁን ሳክቪል ዝናዋን ወዳተረፈችበት ወደ ኦገስት 1942 እንሂድ። ከኤፕሪል ጀምሮ አዛዧ ሌተና ኮማንደር አለን ኢስተን ነበር፤ ከንግድ መርከብ የመጣ የተጠባባቂ ኃይል መኮንን ነው። ሳክቪል ሲ-3 በሚባለው የካናዳ አጃቢ ቡድን ውስጥ ነበረች፤ ሁለት ዲስትሮየሮች ሳግኔይና ስኪና፣ ከነሱም ጋር ዌታስኪዊን፣ ጎልት፣ ሉዊስበርግና አጋሲዝ የሚባሉ ኮርቬቶች አሉ። የሚጠብቁት ኦኤን-115 የተባለውን፣ ከብሪታንያ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚመለስ አጀብ ነው።

በጁላይ 31 ስኪናና ዌታስኪዊን ከላይ ያልኩትን የሁለት መርከብ ስልት ተጠቅመው ዩ-588ን አሰመጡ። በዚያ አደን መካከል በመርከቦቹ መሐል የተላለፈው መልእክት የአማርኛ አንባቢን ፈገግ የሚያሰኝ ነው። አንዷ ለሌላዋ የላከችው «የሐዋርያት ሥራ 16፥9» የሚል ብቻ ነው፤ መጽሐፉን የገለጠ «ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን» የሚለውን ያገኛል። መልሱ ደግሞ «ራእይ 13፥1»፤ አውሬው ከባሕር ሲወጣ የሚታይበት ጥቅስ። በጠላት ቢጠለፍም ለመፍታት አስቸጋሪ፣ ደግሞም አጭር።

ግን አደን ነዳጅ ይበላል። ዲስትሮየሮቹ ነዳጃቸው አልቆ ከአጀቡ ተለይተው ለመሄድ ተገደዱ፣ ኮርቬቶቹ ቀሩ። ኮርቬት 230 ቶን ነዳጅ ይዛ በ12 ኖት 3,500 የባሕር ማይል ገደማ ትሄዳለች፤ ዘገምተኛዋ እዚህ ላይ ነው የምትጠቅመው። ከኒውፋውንድላንዱ ሴንት ጆንስ እስከ ሰሜን አየርላንዱ ለንደንደሪ ቀጥታ መንገዱ ወደ 1,700 የባሕር ማይል ነው፣ አጀቡ ከዩ-ቦቶች ለመራቅ ሲጠማዘዝ ይረዝማል፣ አጃቢዋ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ስትመላለስ ይበልጥ ትጓዛለች።

በኦገስት 3 ሌሊት ጥቃቱ ደረሰ፤ መርከቦች ተመቱ። ሳክቪል በጨለማ አንዲት ዩ-ቦት ከውሃ በላይ አይታ ወደ እሷ ቀጥ ብላ ገሰገሰች፣ ዩ-ቦቷ ጠለቀች፣ ሳክቪል በላይዋ አልፋ ቦምብ ጣለች። ከፍንዳታው መሐል የዩ-ቦቷ አፍንጫ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ለአፍታ ቆሞ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ገባ። ይህችኛዋ ዩ-43 ነበረች። ቆየት ብሎ ጉም ወረደ። በጉሙ ውስጥ ሌላ ዩ-ቦት በጣም ቅርብ ርቀት ላይ ተከሰተች፤ ዩ-552፣ በኤሪክ ቶፕ የምትመራው፣ በኦክቶበር 1941 የአሜሪካኑን ዲስትሮየር ሩበን ጄምስ ያሰመጠችው ናት። የሳክቪል ባለ 4 ኢንች መድፍ ተኮሰና ጥይቱ ማማዋን መታ። ኢስተን ሊገጫትም ሞከረ፤ አልደረሰባትም። ዩ-552 ጠለቀች።

እዚህ ላይ መሣሪያው የት ላይ እንደተያዘ ይታያል። ያ መድፍ ከመርከቧ ፊት ከፍ ያለ መድረክ ላይ ነው የተተከለው፤ ጠላት አፍንጫ ሥር ሲገባ አፈሙዙ ወደ ታች የሚወርድበት ልክ አለው፣ ጥይቱ ከላይ ያልፋል። መግጨቱም ቢሳካ ዋጋ አለው፦ የራሷ የፊት ብረት ይጨማደዳል፣ ሆዷ ሥር ያለው አስዲክ ይነቀላል፣ መርከቧ ለወራት ጥገና ትገባለች። በዚያው ወር በካሪቢያን ኦክቪል የተባለች የካናዳ ኮርቬት ዩ-94ን ደጋግማ ገጭታ ሰዎቿንም ጀርባዋ ላይ አውጥታ ነበር፤ ዩ-ቦቷ ሰመጠች፣ ኦክቪልም ተጎድታ ወጣች።

በወቅቱ ሳክቪል ቢያንስ አንዷን አሰምጣለች ተብሎ ታምኖ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን መዝገብ ሲታይ ሁለቱም ተጎድተው ወደ ወደባቸው መመለሳቸው ታወቀ። እርስዎ ያነበቡት «አላሰመጠችም» የሚለው የመጣው ከዚህ ነው። ግን በዚያ ሌሊት ሁለት ልምድ ያላቸው ዩ-ቦቶች ከአጀቡ ተባረሩ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ጥገና ላይ ስለነበሩ ማንንም አላጠቁም። ኢስተን ለዚህ ሜዳይ ተሸልሟል።

ለምን አመለጡ ለሚለው፣ በ1942 የአብዛኞቹ የካናዳ ኮርቬቶች ራዳር ካናዳ ሠራሹ ኤስደብሊው-1ሲ ነበር። ሞገዱ 1.5 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ አንቴናው ምሰሶ ላይ ሆኖ በእጅ ነው የሚዞረው። በረጅም ሞገድ፣ ከማዕበል ትንሽ ብቻ ከፍ የሚል የዩ-ቦት ማማ ከባሕሩ ነጸብራቅ አይለይም፤ የራስን አጀብ መርከብ ለማየት ግን ይበቃል። እንግሊዞቹ በዚያን ጊዜ 271 የተባለውን የ10 ሴንቲ ሜትር ራዳር መርከቦቻቸው ላይ በብዛት አስገብተው ነበር፤ እሱ ከውሃ በላይ ያለች ዩ-ቦትን በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል። አስዲክ ደግሞ ከውሃ በላይ ለምትሄድ ዩ-ቦት ብዙም አይረባም። ስለዚህ ሌሊት ላይ፣ ዩ-ቦቶቹ በቡድን ከውሃ በላይ ሲመጡ፣ የካናዳ ኮርቬት ያላት የመርከበኛ ዓይን ነው። ብዙዎቹ ጋይሮ ኮምፓስ እንኳ አልነበራቸውም፤ በማግኔት ኮምፓስ ነበር የሚያጠቁት፣ መርከቧ በተናጠች ቁጥር መርፌው ይዋልላል።

ይህን ያልኩት ለሰበብ አይደለም። ካናዳ ጦርነቱን የጀመረችው በስድስት ዲስትሮየርና በ3,500 ገደማ ሰው ነው፤ ሲያልቅ ወደ 100,000 ሰውና ከ400 በላይ የጦር መርከብ ነበራት፣ ከነዚህ 123ቱ ኮርቬቶች ናቸው። በዚህ ፍጥነት ያደገ ኃይል ሥልጠናው መጓደሉ አይቀርም። በዲሴምበር 1942 እንግሊዞች የካናዳ ቡድኖች ከመሐል ውቅያኖስ ለጊዜው ወጥተው እንዲሠለጥኑ ጠየቁ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኦኤንኤስ-154 የተባለው በካናዳ ቡድን የሚጠበቅ አጀብ 14 የንግድ መርከብ አጣ። ካናዳውያኑ ከነከናቸው፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። ስህተቱ ሥልጠናውን ብቻ ማንሳቱ ነው፣ ራዳሩ ባልደረሰበት።

ሳክቪልን በ1943 ሴፕቴምበር የምናገኛት ሌላ ሥራ ላይ ነው። ዘጠነኛ የድጋፍ ቡድን የሚባል ነበር፤ ከአጀብ ጋር ያልታሰረ፣ ጥቃት ወዳለበት የሚሮጥ። ከኮርቬት ተለቅ ያለች የእንግሊዝ አጃቢ (ፍሪጌት) ኢቼን፣ የካናዳ ዲስትሮየር ሴንት ክሮይ፣ ኮርቬቶቹ ሳክቪል፣ ቻምብሊና ሞርደን ነበሩበት። የተላኩት ኦኤንኤስ-18 እና ኦኤን-202 የተባሉትን ሁለት አጀቦች ለመርዳት ነው፤ ሁለቱ በመንገድ ተቀላቅለው ነበር።

ጀርመኖች እዚያ አዲስ ነገር ይዘው መጡ፦ ድምፅ የሚከተል ቶርፔዶ። ዛውንኮኒግ ይሉታል። 24.5 ኖት ይሄዳል፣ ከ10 እስከ 18 ኖት የሚሄድ መርከብ የፕሮፔለር ድምፅ እየሰማ ይመራል። እነዚህን ቁጥሮች ከላይ ካለው የኮርቬት ፍጥነት ጋር ያስተያዩ፤ ቶርፔዶው የተቀመመው ለአጃቢ ነው። በሴፕቴምበር 20 ምሽት ሴንት ክሮይን ዩ-305 መታቻት። ከዚያ የሳክቪል እህት የሆነች የእንግሊዝ ኮርቬት ፖሊያንተስ ሰመጠች። ኢቼን ከሴንት ክሮይ 81 ሰው በማግስቱ ከውሃ አወጣች፤ ከሁለት ሌሊት በኋላ ኢቼንም ተመታች። ከሴንት ክሮይ ሰዎች ጦርነቱን ለመናገር የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

ይህን የሚከላከለው መፍትሔ ለዓይን የቁራሌው ዕቃ ይመስላል። ካናዳውያኑ ሁለት የብረት ቧንቧ ጎን ለጎን አንድ ማያዣ ላይ አላልተው አሰሩና በሽቦ ከኋላ ጎተቱት። ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ ይንጫጫሉ፣ ድምፃቸው ከፕሮፔለሩ ይበልጣል፣ ቶርፔዶው ቧንቧውን ተከትሎ ሄዶ እዚያ ይፈነዳል። ካት ይሉታል። እንግሊዞች የሠሩት ፎክሰር የሚባል ተመሳሳይ ነገር ከባድና ለመጎተት አስቸጋሪ ነበር፤ ካት ቀላል ስለሆነ ኮርቬት ላይ ይመቻል። ጉድለቱ ግን አንድ ነው፦ ጫጫታው የራስንም አስዲክ ያደነቁራል። ሲጎትቱት ከቶርፔዶ ይድናሉ፣ ሰርጓጇን አይሰሙም። አዛዡ በየሰዓቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ሌላው ዘዴ ፍጥነትን ከ8 ኖት በታች ማውረድ ነበር፤ ቶርፔዶው ያን ያህል የቀዘቀዘ ፕሮፔለር አይሰማም፣ ግን በዚያ ፍጥነት ማንም ማንንም አያሳድድም።

ስለ ውስጡ ኑሮ ጥቂት ልበል፣ እሱም ከመርከቧ ቅርጽ ጋር ስለሚያያዝ። ንድፉ ሲወጣ ከ50 ለማይበልጥ ሰው ነበር፤ መሣሪያ በጨመረ ቁጥር ሰው ጨምሮ 85 ደረሰ፣ ከዚያም አለፈ። የሚተኙት ጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ነው፣ ፊት ለፊት፣ መርከቧ ይበልጥ በምትዘልበት ቦታ። ዳቦው በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ ከዚያ ደረቅ ብስኩት ነው። ኮርቬት በጤዛ እርጥብ ሣር ላይም ብትቀመጥ ትናጣለች ይሉ ነበር። ክረምት ላይ የባሕሩ ርጭት ምሰሶና ገመድ ላይ ይረጋል፤ ክብደቱ ወደ ላይ ሲያደላ መርከቧ ከጎን ዝንባሌዋ መመለስ ታዘገያለች። ያኔ ያለው ሥራ በመጥረቢያና በመዶሻ መስበር ነው፣ ተረኛም ያልሆነም።

በ1944 መጀመሪያ ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ውስጥ ታድሳ ወጣች። ያው ዓመት ሳያልቅ ግን ቦይለሯ ተሰነጠቀ። እንዲህ ዓይነቱ ቦይለር እሳቱ በቧንቧ ውስጥ፣ ውሃው በውጭ ነው፤ ውሃው ውስጥ ጨው ከገባ በብረቱ ላይ ይጋገራል፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው ስለማያልፍ ብረቱ ራሱ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል። በለንደንደሪ የተደረገው ጥገና አጥጋቢ ስላልሆነ ከውጊያ ወጣች። ለአጭር ጊዜ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች፣ ከዚያ በወደብ አፍ የባሕር ወለል ላይ ሰርጓጅ ሲያልፍ በማግኔት የሚያውቅ ገመድ ወደምትዘረጋ መርከብ ተቀየረች፤ ለገመዱ ቦታ እንዲገኝ አንዱ ቦይለር ወጣ። ከሞት ያዳናት ይኸው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እህቶቿ ለብረት ተሸጡ፣ አንዳንዶቹም ወደ ዓሣ ነባሪ አደን ተመለሱ፤ እሷ ግን በ1950ዎቹ የባሕር ምርምር መርከብ ሆና እስከ 1982 ሠራች። በ1985 መታሰቢያ ተባለች። ከፍላወር ክፍል ኮርቬቶች ዛሬ ዓለም ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ለተመረጠችበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

እንደገና ከሄዱ አንድ ነገር ያስተውሉ። አሁን የምትታየው የ1944 ገጽታዋን ለብሳ ነው። ከመድፉ ኋላ ያለው፣ 24 ትንንሽ ቦምብ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት 230 ሜትር ገደማ የሚወረውረው ሄጅሆግ በኦኤን-115 ጊዜ አልነበረም። ያ መሣሪያ ከላይ ያሰላነውን የ25 ሰከንድ ዕውርነት ያስቀራል፣ አስዲኩ ድምፁን ሳያጣ ስለሚተኩስ፤ ቦምቦቹም ካልነኩ አይፈነዱም፣ ስለዚህ ውሃው አይናወጥም። የፊት ለፊቱ ጣሪያም እስከ መሐል ድረስ የተዘረጋው ጋልቬስተን ላይ ነው። በ1942 ያ ጣሪያ አጭር ነበር፣ ከኋላው ለማዕበል የተጋለጠ ዝቅ ያለ ወለል ነበር። ማብሰያ ቤቱ ከዚያ ወለል ወዲያ፣ ሰዎቹ የሚበሉበት ክፍል ወዲህ። የዕለቱ ተረኛ ድስቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ ጥግ ላይ ቆሞ ጠብቆ፣ ነው የሚሮጠው። አሁን ጣሪያ ተሸፍኖ የሚሄዱበት መተላለፊያ ያ ወለል ነው፤ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፣ ሾርባው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ቀዝቅዞ ወይም በባሕር ውሃ ቀጥኖ ነበር።